በእጥረት ጊዜ ዳግም የተሞላ ጥይት፦ ማከማቸት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

ዳግም የተሞላ ጥይት የሚባለው፣ የተተኮሰ ቀለህ ጸድቶ አዲስ ፕራይመር፣ ባሩድና አረር ሲገባለት ነው። ፕራይመር በቀለሁ ቂጥ የሚገጠም፣ ሲመታ ባሩዱን የሚለኩስ ትንሽ የብረት ቆብ ነው። በአሜሪካ ለግል መገልገያ መሙላት በፌዴራል ሕግ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ለንግድ ማምረት ግን ያስፈልገዋል። አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች የኖሩበት ይህ ሙያ አከራካሪ የሚሆነው ገበያው ሲደርቅ ነው። ባለፉት ዓመታት እ.ኤ.አ. በ2013 እና ከ2020 ጀምሮ የደረሱት እጥረቶች ሁለት አቋሞችን ፊት ለፊት አቁመዋል።

የመጀመሪያው ጸሐፊ፦ ያዋጣል

በ2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ባስከተለው ሥጋት የጦር መሣሪያ ፈላጊው በዛ፤ በዓመቱ በፌዴራል መንግሥቱ ሥርዓት ለጦር መሣሪያ ግዢና ለፈቃድ የተካሄደው ማጣሪያ ከ39 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ከትልልቅ አምራቾች አንዱ የሆነው ሬሚንግተን ለኪሳራ ጥበቃ አመለከተ። በዓመቱ መጀመሪያ ከ20 ሳንቲም ብዙም የማይበልጥ የነበረው አንድ የዘጠኝ ሚሊሜትር ጥይት በ2021 ከ60 ሳንቲም በላይ ተሸጠ።

እጥረቱ በቤቱ የሚሞላውንም አልማረም። በአሜሪካ ፕራይመር የሚሠሩት ፋብሪካዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ጥይትም የሚያመርቱት እነርሱ ስለሆኑ ፕራይመሩ በቅድሚያ ለራሳቸው ጥይት ይውላል። ከ30 እስከ 40 ዶላር ይገዛ የነበረው አንድ ሺህ ፕራይመር ከ100 ዶላር በላይ ወጣ፤ በብዙ ሱቅ ጭራሽ ጠፋ። መሙያ መሣሪያና ቀለህ ይዞ ፕራይመር ያጣ ሰው ባዶ እጁን ከቀረው አልተሻለም። ቀድሞ ሞልቶ ያስቀመጠው ግን ልምምዱን አላቋረጠም።

ልምምድ ደግሞ ቅንጦት አይደለም። ጠመንጃውን ሳይሞክር ጫካ የገባ አዳኝ አውሬውን አቁስሎ ለሥቃይ ይዳርጋል። በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ የተቀመጠ ጥይት አሥርተ ዓመታት ይቆያል። ባለክምችቱም በጭንቁ ወራት ከሱቅ ስለማይገዛ ለሌላው ያተርፋል።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ አያዋጣም

የፋብሪካ ጥይት በናሙና እየተፈተነ ይወጣል፤ የቤቱን የሚያየው የሞላው ሰው ዓይን ብቻ ነው። ባሩድ ያልገባበት ጥይት አረሩን በርሜል ውስጥ ወትፎ ሊያስቀር ይችላል፤ ያ ሳይታወቅ ቀጣዩ ከተተኮሰ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። በብዙ የሽጉጥ ቀለህ ውስጥ እጥፍ ባሩድ ሳይፈስ ስለሚገባ ስሕተቱ ከውጭ አይታይም። ብዙ የጦር መሣሪያ አምራቾች በእንዲህ ያለ ጥይት ለደረሰ ጉዳት ዋስትና የማይሰጡት ለዚህ ነው። ስለዚህ ክምችቱን ያለ ሥጋት ለዘመድም ለጎረቤትም ማካፈል አይቻልም፤ ባለቤቱ ሲሞትም ወራሾቹ ሊያምኑት የማይችሉት ንብረት ይሆናል።

ሞልቶ ማስቀመጥ ምርጫም ያጠባል። አንድ ዓይነት ፕራይመርና ባሩድ ለተለያዩ ጥይቶች ሊያገለግል ይችላል፤ አንዴ ከተሞላ ግን ለአንድ ዓይነት መሣሪያ ብቻ ነው። በ2013 ከሁሉ በላይ የጠፋው ባለ .22 ካሊበር ትንሹ ጥይት ነበር፤ ማቀጣጠያው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ስለሚገባ በቤት ለመሙላት አይመችም። የሌላ ዓይነት ክምችት ያንን ክፍተት አልሞላም።

በሙቀት የሚቀመጥ ባሩድ ይበላሻል፤ የሚለቀው አሲድ ቀለሁን ይበላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን በፍርሃት የሚደረገው ሽሚያ ነው፤ በ2013 የችርቻሮ መደብሩ ዋልማርት ለአንድ ደንበኛ በቀን ከሦስት ፓኮ በላይ አልሸጥም እስከማለት የደረሰው በሽሚያው የተነሣ ነው።

የመጀመሪያው ጸሐፊ ምላሽ

የተነሡት ስሕተቶች በጥንቃቄ የሚወገዱ ናቸው። ባሩዱን የሚመዝን፣ አረሩን ከመግጠሙ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ በብርሃን የሚያይ፣ በፓኮው ላይ የባሩዱን ዓይነት፣ መጠኑንና ቀኑን የሚጽፍ ሰው ምን እንደያዘ ያውቃል። ገበያው ሞልቶ ሳለ ቀስ በቀስ የሚገዛም ከተሻሚ አይቆጠርም፤ ሽሚያን አስቀድሞ የሚከላከለው እርሱ ነው።

የሁለተኛው ጸሐፊ ምላሽ

በፓኮው ላይ ያለው ጽሑፍ የሚናገረው ሊገባ የታሰበውን እንጂ በእርግጥ የገባውን አይደለም። ቀስ በቀስ መግዛት ተገቢ ቢሆንም፣ የተገዛው ፕራይመርና ባሩድ በየማሸጊያው ቆይቶ በሚያስፈልግበት ጊዜ ቢሞላ የጥይቱ ዓይነት እንደ ፍላጎቱ ይመረጣል፤ ከዓመታት በፊት የተሠራን ሥራ በትዝታ ማመንም ይቀራል።

ሁለቱም መግዣው ጊዜ ከእጥረቱ በፊት እንደሆነ ይስማማሉ። የሚለያዩት በመሙያው ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ተሞልቶ ያለቀውን ዝግጁነት ያስቀድማል፣ ሁለተኛው ደግሞ ያልተሞላውን ምርጫ።