ለአምባሰል አቀበት የምንመርጠው መኪና

አንድ መሣሪያ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው የሚባለው በተሠራበት ፋብሪካ ደጃፍ ሳይሆን በሚሠራበት ቦታና በሚያገለግለው ሕዝብ ተጨባጭ ሁኔታ ተመዝኖ ነው። ይህ አነጋገር ለአንዳንዶች ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ ላይመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከሐይቅ ከተማ ተነሥቶ በውጫሌ በኩል ወደ አምባሰል የገጠር ቀበሌዎች የሚወጣ ሰው የአባባሉን ትክክለኛነት በአንድ የክረምት ቀን ጉዞ ይረዳዋል። ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው የአስፋልት መንገድ ማንኛውንም አውቶሞቢል ያስተናግዳል። ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ተራራው የሚወጣው ጠጠርና ጭቃ ግን መኪናን ከመኪና ይለያል።

የገጠር ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የመንገድ ፕሮግራም በአያሌ ተራራማ ወረዳዎች መኪና ረግጦት የማያውቀውን ምድር ለመኪና ከፍቷል። መንገዱ ሲከፈት ጥያቄውም ተለወጠ። ቀድሞ «መንገድ ይሠራልን» ይል የነበረው ሕዝብ አሁን «በዚህ መንገድ የሚወጣ መኪና ይኑረን» ይላል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በዘለቀ ጊዜ የጤና ተቋማትና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ተሽከርካሪዎችም የዝርፊያው ሰለባ ሆነዋል። ስለሆነም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ፣ እድሩና የቀበሌው ኮሚቴ ገንዘብ አሰባስቦ ስለ መኪና ግዥ መምከሩ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ምጥ የያዛት እናት ጤና ጣቢያ የምትደርስበት ሰዓት፣ ዘርና ማዳበሪያ ዝናቡ ሳያልፍ ማሳ መድረሱ፣ በዚህ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው። መኪናው ቆሞ በሚውልበት ቀን ቃሬዛው ወደ ሰው ትከሻ ይመለሳል።

ታዲያ ምርጫው እንዴት ይካሄዳል? እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በብዙ ቦታ ምርጫውን የሚወስነው ከመኪናው ጋር የማይኖር ሰው ነው። ሰነዱን የሚያዘጋጀው የቢሮ ኃላፊ በአስፋልት ላይ የሚመላለስ ስለሆነ የሚታየው መቀመጫው፣ ቀዝቃዛ አየሩና ዳሽቦርዱ ላይ የተለጠፈው ስክሪን ነው። ከባሌስትራው ሥር ተንበርክኮ የሚያይ የለም። በዚህም ምክንያት ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ያለ ክርክር ይመረጣል። የኋላው ወንበር በረዘመ ቁጥር የጭነቱ ሳጥን ያጥራል፤ ያጠረው ደግሞ ማሽላውና ጤፉ ሊጫንበት የነበረው ቦታ ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ የቢሮክራሲ ምቾት ከአምራቹ ጭነት ቀድሞ እንደተቀመጠ ልብ ይሏል። እርግጥ ነው፣ ሕመምተኛና አስታማሚ በጭነት ላይ ይፈናጠጡ ብሎ የሚከራከር ጤነኛ ሰው አይገኝም። ማኅበሩ መኪናውን የሚፈልገው በአብዛኛው ለሰው ከሆነ ሁለተኛው ጋቢና ተገቢ ነው። እኛ የምንቃወመው ጥያቄው ሳይጠየቅ መልሱ አስቀድሞ መታወቁን ነው።

ወደ ሞተሩ እንግባ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና። በዘመናዊው የናፍጣ ሞተር ውስጥ ነዳጁ ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት ወደ ሲሊንደሩ ይረጫል፤ ርጭቱንም የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተር ነው። ይህ አሠራር ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጉልበት ይጨምራል፣ ጭስ ይቀንሳል። ይህን መካድ አድኃሪነት ይሆናል። ነገር ግን የዚህ ሞተር ኢንጄክተር ክፍተቶቹ ከጠጉር የቀጠኑ ስለሆኑ ንጹሕ ናፍጣ ብቻ ይሻል። በበርሜል ተቀድቶ፣ በጀሪካን ተገልብጦ፣ ውኃና አቧራ ተቀላቅሎበት የሚሸጥ ናፍጣ ሲጠጣ ይታመማል። ሲታመም ደግሞ በሽታውን የሚናገረው ለኮምፒዩተር ብቻ ነው። የቀድሞው ዓይነት ሞተር ኢንጄክተሩ የሚከፈተው በ150 ባር ገደማ ነው፤ ፖምፓውም በጥርስና በዘንግ የሚሠራ እንጂ ከሴንሰር ትእዛዝ የሚጠብቅ አይደለም። ባትሪው ቢደክም ቁልቁለት ላይ ተገፍቶ ይነሣል። ፊልትሮው ሲደፈን መካኒኩ በጆሮው ያውቀዋል።

የዚህ ዓይነቱ ሞተር በሰፊው የታወቀው ምሳሌ ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ በላንድክሩዘር ላይ የተገጠመው፣ 1ኤችዜድ የተባለው፣ ባለ ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትሩ የናፍጣ ሞተር ነው። ሞተሩ የተገጠመበት ባለ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው በ1977 ዓ.ም. ነበር። ያ ዓመት በወሎ ምድር የሚታወሰው በሌላ ነገር ነው፤ እህል በነበረበትና ረኃብ በነበረበት ቦታ መካከል መጓጓዣ የጠፋበት ዓመት ነው። የዚሁ ቤተሰብ ፒክአፕ ጠንካራ ሻንሲ፣ ከኋላ ባሌስትራ፣ በእጅ የሚቀየር ካምቢዮና በሹፌሩ ፈቃድ ብቻ የሚገባ የአራት ጎማ መንጃ አለው። ባሌስትራ አንድ ቅጠሉ ቢሰበር በብረት ሠራተኛ ተጠግኖ እስከ ደሴ ያደርሳል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከፊት የተተካለት ጥቅልል ሞላ ለምቾት የተሻለ ሲሆን፣ ከተሰበረ ግን መለወጥ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። ከላንድክሩዘር አነስ ያለ ጭነትና ዋጋ የሚፈልግ ደግሞ ሃይሉክስን ያያል። በአራት ጎማ የሚነዳው ሃይሉክስ መሠራት የጀመረው በ1971 ዓ.ም. ሲሆን፣ 5ኤል የተባለው 3 ሊትር የናፍጣ ሞተሩ በየጋራዡ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ሐይቅም ሆነ ደሴ ጋራዥ ገብቶ የሚያዳምጥ ሰው ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ሞተሪኖ፣ ጎሚስታ ሲባል ይሰማል። እነዚህ ሁሉ ከጣሊያን አፍ የመጡ ናቸው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመው በዚሁ በአምባሰል ምድር መሆኑን ስናስታውስ ነገሩ ያስገርማል። የዚያ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣሊያ መጠቀም ይችላሉ የሚል ሲሆን፣ የጣሊያንኛው ግን ግዴታ ያደርገው ነበር። መካኒኮቻችን ቃሉን ወስደው ሙያውን የራሳቸው አደረጉት፤ ቃሉ የውጭ መሆኑ እጃቸውን አላሰረም። ዛሬ የምንፈራው ሌላ ነው። የመኪናው ሽያጭ ውል «በአገልግሎታችን መጠቀም ትችላላችሁ» የሚል ይመስላል። ኮምፒዩተሩ ሲቆለፍ ግን «ያለ እኛ መክፈት አትችሉም» የሚል ሆኖ ይገኛል። መጠገኛ ሶፍትዌሩ በአንድ ሻጭ እጅ ብቻ ያለ መኪና የገዛ ማኅበር፣ የገዛው መኪናውን ብቻ አይደለም፤ ጥገኝነቱንም አብሮ ገዝቷል።

ይሁን እንጂ ቀላልነትን ጣዖት ማድረግ አይገባም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳበት ጉልበቱ ይቀንሳል። በ2,500 ሜትር ገደማ፣ ማለት በደሴ ከፍታ፣ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ለአምባሰል አቀበት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ሹፌሩ ከባዱን ማርሽ አስገብቶ በትዕግሥት መውጣት አለበት። ነዳጅም የሚፈጀው ከአዲሱ ይበልጣል። አሮጌዎቹ የአየር ከረጢት የላቸውም፤ በገደል አፋፍ መንገድ ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። እነዚህን ጉድለቶች ደብቆ «የድሮ ይሻላል» ማለት ለሕዝብ ማሰብ አይደለም። ጉድለቱን አውቀን ስንመርጥ ብቻ ነው ጭነቱን የምንወስነው፣ ፍጥነቱን የምናስረው፣ ሰው በሳጥኑ ላይ እንዳይጫን የምንከለክለው።

ደግሞም ቀላል ሆኖ መሠራት ብቻውን አይበቃም። ላንድሮቨርን እንውሰድ። በ1940 ዓ.ም. ለዓለም ሲታይ አካሉ ከአሉሚኒየም የተሠራው ከጦርነቱ በኋላ ብረት ስለ ጠፋ ነበር፤ ችግር የወለደው መፍትሔ ግን ዝገት የማይበላው ሆኖ ተገኘ። በአገራችን ገጠር ለረጅም ዘመን «መኪና መጣ» ሲባል የሚታሰበው ላንድሮቨር ነበር። የዚያ ሐረግ የመጨረሻ የሆነው ዲፌንደር በጥር 2008 ዓ.ም. መሠራቱ አበቃ። ከዚያ ወዲህ ያረጀውን ማቆየት የሚቻለው መለዋወጫው በተገኘበት መጠን ነው። በዩሊያኖቭስክ የተሠራው የሶቪዬቱ ዋዝም ሌላው ምስክር ነው። ለመጠገን ቀላል፣ ለጭቃ ጠንካራ ነበር፤ ነገር ግን በ1984 ዓ.ም. ሶቪዬት ኅብረት ሲፈርስ የመለዋወጫው ምንጭ ሳሳ። በጎረቤታችን በኬንያ ሞቢየስ የተባለው ኩባንያ ለአፍሪቃ ገጠር መንገድ ተብሎ የታሰበ ቀላል መኪና ሠርቶ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። ኩባንያው ግን በዕዳ ተይዞ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራ ለማቆም መወሰኑን አስታወቀ፤ በኋላም በሌላ ገዢ እጅ ገባ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ መኪናን መንገድ ላይ የሚያቆየው ንድፉ ብቻ ሳይሆን ንድፉን ተከትሎ የተዘረጋው የመለዋወጫ፣ የመካኒክና የገበያ መረብ ነው። ብዙ ሰው የያዘው መኪና የሚመረጠው ስለ ተወደደ አይደለም፤ የሞተው ወንድሙ ለቆመው መለዋወጫ ስለሚሆን ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ከባድ መሆኑንና አገሪቱ ከውኃ ኃይል የምታመነጨውን መብራት ስናስብ የውሳኔው መነሻ አይሰወርም። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ራሱ ቀላል ነገር ነው፤ ፖምፓ የለው፣ ፊልትሮ የለው፣ የሚቀየር የሞተር ዘይት የለው። ጥያቄው ባትሪውና ኮምፒዩተሩ በማን እጅ ይከፈታሉ፣ ተራራው ላይስ በምን ይሞላል የሚለው ነው። ከሐይቅ ወደ ቢስቲማ፣ ከውጫሌ ወደ ላይኞቹ ቀበሌዎች ለሚሠራ የጭነት መኪና ይህ መልስ እስኪያገኝ ድረስ፣ በእጃችን ያሉትን አሮጌ የናፍጣ መኪናዎች ዕድሜ ማራዘም የዛሬ ሥራ ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ማኅበር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ የጣለው ቀረጥ ዋጋውን ምን ያህል እንዳናረውም አስቀድሞ ይጠይቅ።

በተግባር ምን ይደረግ? አንደኛ ነገር፣ በግዥ ኮሚቴው ውስጥ መካኒክና ሹፌር ድምፅ ይኑራቸው፤ ለምስክርነት ተጠርተው የሚወጡ ሳይሆኑ ድምፅ የሚሰጡ ይሁኑ። የሚገዛው መኪና ዋና ዋና መለዋወጫ በደሴና በኮምቦልቻ ሱቆች መኖሩ በወሬ ሳይሆን በእግር ተሂዶ፣ ዋጋው ተጽፎ ይረጋገጥ። ገንዘቡ ሁሉ ለመኪናው አይለቅ፤ ለጎማ፣ ለፊልትሮ፣ ለፍሪሲዮንና ለባሌስትራ የሚሆን መጠባበቂያ ተለይቶ ይቀመጥ። መኪና ገዝቶ ለጎማ ብድር የሚለምን ማኅበር ብዙ አይተናል፤ በግቢው ውስጥ በድንጋይ ተሰቅሎ ሣር የበቀለበትንም መኪና እንዲሁ።

ከገዙ በኋላም ናፍጣው ከበርሜል ሲቀዳ በጥሩ ጨርቅ ይጣራ፤ ውኃ መለያው በየጊዜው ይፍሰስ። የአራት ጎማ መንጃው በጭቃና በጠጠር እንጂ በደረቅ አስፋልት ላይ አይግባ፤ የፊቱና የኋላው ጎማ በመታጠፊያ እኩል ስለማይሄዱ ጥርሱን እርስ በርሱ ያፋጨዋል። ይህን የማያውቅ ሹፌር ጠንካራውን መኪና በአንድ ዓመት ይገድለዋል። የዘይት ቅያሪው፣ የተጓዘው ኪሎ ሜትርና የተለወጠው ዕቃ በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ መዝገቡም አባላት በፈለጉ ጊዜ የሚያዩት ይሁን።

በመጨረሻም መኪናው በሻጩ ግቢ ውስጥ ተሽከርክሮ «ጥሩ ነው» አይባል። ኮሚቴው የሚጫነውን ያህል እህል ወይም አሸዋ ጭኖ፣ መካኒኩን ጋቢና አስቀምጦ፣ ከውጫሌ ወደ ላይ እስከሚያገለግለው ቀበሌ ድረስ ያውጣው፤ ሲመለስም ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ከሥሩ ገብቶ ዘይት የሚያንጠባጥብ እንደሆነ ይይ። ፊርማው ከዚያ በኋላ ይድረስ።