ለቆመ ተሽከርካሪ የሚደረግ ጥንቃቄ

ጓዶች፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ መኪናውን ደጅ የሚያሳድር ሾፌር ጠላቱ ውርጭ መሆኑን ያውቃል። በሄሮን ግን በጥር ሌሊት እንኳ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች እምብዛም አይወርድም። ይሁንና ውርጭ የለም ተብሎ መዘናጋት አይገባም።

ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ የባሕሩ ነፋስ እርጥበትና ጨው ተሸክሞ ይመጣል። ጨው ከአየር ውሃ የመሳብ ጠባይ ስላለው፣ ዝናብ ባይጥልም ብረቱን አርጥቦ ያቆያል፤ ዝገቱም ዓይን በማያየው ቦታ ይጀምራል።

ስለሆነም ለረጅም ጊዜ የሚቆም ተሽከርካሪ ከሥሩ ጭምር በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይድረቅ። የነዳጅ ማጠራቀሚያው ይሞላ፤ በባዶው ቦታ ያለ እርጥብ አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናልና። የባትሪው ገመዶች፣ ኔጌቲቩ ቀድሞ፣ ይፈቱ፤ ጫፎቹም ግራሶ ይቀቡ። በበሮቹ ግርጌ ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ይጠረጉ። ሸራው ከሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ ላላ ብሎ ይታሰር፤ ጥብቅ ሸራ እርጥበትን አፍኖ ያስቀራል።

የቤተሰብ ዓምዳችን ተከታታይ እኅቶችም ይህንኑ በቤት ሊሠሩበት ይችላሉ፤ የልብስ ሣጥን ከግድግዳ ይራቅ፣ የስፌት መኪናም ዘይት አይለየው።

በእኩለ ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ወደ ሆስፒታል የምትደርሰው ያ የቆመው መኪና ሲነሳ ነው። በመሆኑም በየሳምንቱ አንድ ቀን ሸራው ተገልጦ እንዲመረመር እናሳስባለን።