ከጀላቲን ኺላፍ በቡላ መውጣት



ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለችው አጭር ጊዜ ተቀምጠን ጥያቄ ሲፈቀድ፣ ከሚነሱት አንዱ ስለ ጀላቲን መሆኑ የተለመደ ነው። ከሱፐርማርኬት የተገዛ የሚለጠጥ ከረሜላ፣ ከክሊኒክ የተሰጠ ካፕሱል፣ ለዒድ ዘመድ ከውጭ የላከው ማርሽማሎ። ኡስታዙ ኺላፉን በትዕግሥት ያብራራሉ፣ እኛም "ማሸጊያውን አንብቡ" የሚለውን ምክር ይዘን ለዒሻ እንሰለፋለን። በሳምንቱ ያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል።

መጠየቁ ስህተት የለበትም። ሆዳችን ውስጥ ለሚገባ ነገር መጠንቀቅ ዲናችን ነው። የሚቆጨን ሌላ ነገር ነው፤ ሁሌም የምንጠይቀው ሌላ ሰው አስቦ፣ ቀምሞና አሽጎ ስለላከልን ዕቃ ነው። በዚህ ግቢ ኢንጂነሪንግ፣ ኬሚስትሪ፣ ፉድ ሳይንስና ፋርማሲ የምንማር ሙስሊሞች ጥቂት አይደለንም። የጀላቲን ወሬ ሲነሳ ግን ሁላችንም ገዢዎች ብቻ ሆነን እንገኛለን። ጥያቄው በራችን ድረስ ሳይመጣ ልንቀድመው የምንችልበት አንድ መስክ አለ፤ እሱም ምግብን በ3ዲ ፕሪንተር መሥራት ነው።

ነገሩን ላላየው ወንድምና እህት፦ አብዛኛው የምግብ ፕሪንተር በሞተር ከሚገፋ ስሪንጅ ብዙ አይለይም። ሊጥ፣ የተፈጨ አትክልት ወይም ጄል በቀጭን አፍ ተገፍቶ ይወጣል፤ ማሽኑ መስመር በመስመር፣ ድርብ በድርብ እየደረደረ ቅርጽ ያወጣል። ችግሩ ያለው ማሽኑ ላይ ሳይሆን የሚገፋው ነገር ላይ ነው። ሲገፉት እንደ ውሃ መታዘዝ አለበት፣ ወጥቶ ሲያርፍ ደግሞ ቀጥ ብሎ የላዩን ድርብ መሸከም አለበት። የጥርስ ሳሙና ሲጨመቅ ወጥቶ ብሩሹ ላይ እንደሚቆመው ማለት ነው። ብዙ ምግብ በራሱ ይህ ጠባይ ስለሌለው አጋዥ ይጨመርለታል።

ጀላቲን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለምግብ ፕሪንተር መነሻ የሚሆን ቅመም ሲያሳዩ የተጠቀሙት ሁለት ነገር ነው፤ ዛንታን ጋምና ጀላቲን። ምርጫቸው ከምሕንድስና አንጻር ይገባናል። ጀላቲን ሞቅ ሲል ይፈሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ አፍ ውስጥ በሰውነት ሙቀት ይቀልጣል። ግን ጀላቲን የሚወጣው ከአሳማ ቆዳ፣ ከከብት ቆዳና ከአጥንት ነው፤ ከብቱም ቢሆን እንዴት እንደታረደ አይታወቅም። አዲስ ቴክኖሎጂ ገና ሲወለድ ይህን ይዞ ከተወለደ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ማሸጊያ የምናነበው እኛው ነን።

ስለ ኺላፉ በአጭሩ። የዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 አማን ላይ ባደረገው ጉባዔ ከአሳማ የተገኘ ጀላቲን በምግብ ውስጥ እንደማይፈቀድ ወስኗል፤ ከዕፅዋት ወይም በሸሪዓ ከታረደ እንስሳ የሚገኘው ለሙስሊሙ በቂ ነው የሚል ሐሳብም አክሎበታል። በ1995 ደግሞ ኩዌት ላይ የኢስላም የሕክምና ሳይንስ ድርጅት በጠራው ሴሚናር የተሰበሰቡ ዑለሞችና ሐኪሞች፣ ነገሩ በኢስቲሓላ ፍጹም ወደ ሌላ ባሕርይ ስለተለወጠ ጦሃራ ነው ወደሚለው አዘንብለዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ የጠሃራን ባብ የቀራን ደረሶች እንደምናስታውሰው፣ መለወጥ ነጃሳን የሚያጠራበት በር በጣም ጠባብ ነው፤ በራሱ ኮምጣጤ የሆነ ኸምርና የተዳበገ ቆዳ ዋና ምሳሌዎቹ ናቸው። ሐነፊዮች ዘንድ በሩ ይሰፋል። እኛ ተማሪዎች በዚህ መካከል ገብተን ፈራጅ ልንሆን አይገባም፣ አቅማችንም አይደለም።

አቅማችን የሆነው ሌላ ነው። ዑለሞቻችን ከኺላፍ መውጣት የተወደደ ነው ይላሉ። ብዙዎቻችን ይህን የምንረዳው "ተወው፣ አትብላው" በሚል ነው። ለኢንጂነር ግን ከኺላፍ መውጫው ኺላፍ የሌለበትን ነገር መሥራትም ጭምር ነው።

የዕፅዋት ስታርች ለዚህ ይመቻል። ስታርች በውሃ ውስጥ ሲሞቅ፣ እንደ ዓይነቱ በ60 እና በ75 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ባለው ሙቀት ገደማ፣ ጥቃቅን ፍሬዎቹ ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፣ ውስጣቸው ያለው አሚሎስ ይወጣል፣ ፈሳሹም ይወፍራል። ገንፎ ያማሰለ ሁሉ ያየው ነገር ነው። ሲቀዘቅዝ አሚሎሱ እርስ በርሱ ተያይዞ መረብ ይሠራል፣ ጄሉም ይቆማል። በ2019 የታተመ የቻይና ተመራማሪዎች ሥራ የሩዝ፣ የበቆሎና የድንች ስታርችን ሞክሮ፣ ከ15 እስከ 25 በመቶ ስታርች ያለው ድብልቅ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሲሞቅ ለፕሪንተር ጥሩ እንደሚሆን አሳይቷል። ምንም ጀላቲን የለበትም።

እና እኛ ጋ ምን አለ? ቡላ አለ። ከስልጤ፣ ከጉራጌና ከሀዲያ የመጣን ተማሪዎች ይህን ከማንም በላይ እናውቃለን። የእንሰቱ ግንድ ተፍቆ፣ ተጨምቆ፣ ውሃው ሲያርፍ ከሥሩ የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ስታርች ነው፤ እናቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ ስታርች ለይተው ሲያወጡ ኖረዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ጽጌ ገብረማርያም ከጀርመናዊ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት የእንሰት ስታርች የአሚሎስ መጠን ወደ 29 በመቶ ነው። ይህ ከድንች ስታርች ከፍ ያለ በመሆኑ ሲቀዘቅዝ ጠንከር ያለ ጄል ይሰጣል ብለን እንድንጠብቅ ያደርገናል። የፋርማሲ ሰዎቻችን የእንሰት ስታርችን ለኪኒን ማያያዣነት ከ30 ዓመት በፊት ሞክረውታል። ለፕሪንተር የማንሞክርበት ምክንያት አይታየንም።

ወሬ ብቻ እንዳይሆንብን ከግቢ ውጭ ተከራይቶ በሚኖር ጓደኛችን ምድጃ ላይ ሞክረን ነበር። መሣሪያችን መርፌ የሌለው 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ስሪንጅና የገዛ እጃችን ነው። አንድ እጅ ቡላ በዘጠኝ እጅ ውሃ ያፈላነው ሙቅ ሆኖ ሳህኑ ላይ ተንጣለለ። ሁለት እጅ በስምንት ያደረግነው ደግሞ ሲበርድ እንኳን ሊወጣ ስሪንጁን ፈነቀለው፣ ግድግዳው ላይም ቀረ (የቤት አከራዩ እስካሁን አላወቁም፣ አላህ ይሸፍነን)። በመካከል ባለው መጠን፣ ትኩስ እያለ ሲገፋ፣ አራት ድርብ ቆመ። አምስተኛው ዘመመ። ጠዋት ለሱብሒ ተነስተን ስናየው ደግሞ ጄሉ ተኮማትሮ ዙሪያው ውሃ አቅርቷል። ያን ጊዜ አንድ የስልጤ ልጅ ሳቀና፣ ያደረ የቡላ ገንፎ እንዲህ እንደሚያደርግ እናቱ ሁሌም እንደሚሉ፣ ለዚህም በትኩሱ ቅቤ እንደሚያገቡበት ነገረን። መጽሐፉ ላይ ሬትሮግራዴሽን ተብሎ የቀራነው ነገር ነው። ስቡ ይህን ውሃ ማቅረር ይቀንስ እንደሆነ ለክቶ ማየት ብቻውን አንድ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይወጣዋል።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ስናነሳ "ሕዝብ እንጀራ አጥቶ እናንተ ምግብ ፕሪንት ታደርጋላችሁ?" ይሉናል። ግማሹን እንቀበላለን። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2013 ለጠፈርተኞች ፒዛ ለሚያትም ማሽን ጥናት 125 ሺህ ዶላር ሰጥቷል፤ ያ የእኛ ጉዳይ አይደለም። ለሠርግ ኬክ የስኳር አበባ ማተምም ወደ ኢስራፍ ይቀርባል ብንል አንሳሳትም። ነገር ግን በስትሮክ የተመታ አባት መዋጥ ሲያቅተው ምን እንደሚበላ ያየ ሰው ሌላ ነገር ያስባል። ሥጋው፣ ካሮቱ፣ ድንቹ አንድ ላይ ተፈጭቶ አንድ ዓይነት መልክ ያለው ነገር በማንኪያ ይሰጠዋል፤ ሁለት ቀን በልቶ አፉን ይዘጋል። ከ2012 እስከ 2015 የአውሮፓ ኅብረት የደገፈው ፐርፎርማንስ የተባለው ፕሮጀክት የተነሳው ለእንዲህ ዓይነት አረጋውያን፣ ለስላሳውን ምግብ እንደገና የካሮት ወይም የዶሮ መልክ ሰጥቶ ለማቅረብ ነበር። እንዲህ ያለው ምግብ ቅርጹን የሚይዝለት ማርጊያ ይፈልጋል። መዋጥ ያቃታቸው ሙስሊም አባትና እናት ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው ማሸጊያ አያነቡም፤ ስለ እነሱ አስቀድሞ ያሰበ ሰው መኖር አለበት።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መደበቅ አንፈልግም። ምራቃችን ስታርችን ይሰብራል፤ በስታርች ብቻ የወፈረ ምግብ አፍ ውስጥ ቶሎ ይቀጥናል፣ ለመዋጥ ለሚቸገር ሰው ደግሞ ይህ አደጋ አለው። ስለዚህ ትንሽ ዛንታን ጋም ወይም የዕፅዋት ሙጫ መቀላቀል ሊያስፈልግ ይችላል። (የሚገርመው፣ ዛንታን የሚሠራው ባክቴሪያ እንሰታችንን ከሚያጠወልገው ባክቴሪያ ጋር የአንድ ዘር ነው።) "ከዕፅዋት ነው" ማለትም ብቻውን ሐላል አያደርገውም። በአልኮል የተሠራ ማጣፈጫ ከገባበት፣ ትናንት ጀላቲን የገፋው ስሪንጅ ሳይታጠብ ዛሬ ቡላ ከገፋ፣ ወደ ጥያቄው ተመልሰናል። ንጽሕናው ከመሣሪያው ዲዛይን ጋር አብሮ መታሰብ አለበት፦ የሚፈታ፣ የሚታጠብ፣ ለአንድ ዓይነት ምግብ ብቻ የተለየ።

ሌላም የሚያሳስበን ነገር አለ። እንሰት 20 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ ምግብ ነው፣ ቡላ ደግሞ ከምርቱ ጥቂቱና ውዱ ነው። ፋብሪካ ቢሻማው የሚጎዳው የገጠሩ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ምርምሩ በቡላ ይጀመር እንጂ ካሳቫን፣ ጎደሬንና አንጮቴን አብሮ ይመልከት። ካሳቫ መርዙ በደንብ እንዲወጣለት ያስፈልጋል፤ ስታርቹ ግን ብዙ ነው፣ እንደ እንሰት ዓመታትም አያስጠብቅም።

የጂሲ ተማሪዎች የፕሮጀክት ርዕስ የሚያስገቡበት ጊዜ ደርሷል። በየዓመቱ የምናየውን እናውቃለን፦ በአርዱዊኖ የሚሠራ መስኖ፣ በአርዱዊኖ የሚከፈት በር። እኛም ብንሆን አንዱን ሠርተናል፣ አሁን የት እንዳለ አናውቅም። ዘንድሮ ከጀመዓችን ቢያንስ አንድ ቡድን ይህን ርዕስ ይዞ ወደ ዲፓርትመንቱ እንዲገባ እንጠይቃለን። ከሜካኒካል ስሪንጁን የሚገፋ ሰው፣ ከኤሌክትሪካል ሙቀቱን በ80 ዲግሪ የሚያቆም ሰው፣ ከፉድ ሳይንስ ወይም ከፋርማሲ ጄሉን የሚለካ ሰው ይፈለጋል። ከሁሉ በፊት ግን ቡላ ከእናቶቻቸው ጋር ያዘጋጁ እህቶቻችን ይፈለጋሉ፤ ስንት ቀን እንደሚያርፍ፣ የትኛው እንሰት የተሻለ እንደሚያወጣ ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉና በስም ሳይሆን በሥራ የቡድኑ አካል ይሁኑ። የፊቅሁን ጎን ኡስታዞቻችን ከመነሻው አይተው እንዲያርሙን እንለምናለን፣ ካለቀ በኋላ ሳይሆን።

ስሪንጁ እኛ ጋ አለ፤ አዲስ ገዝተናል። ለዕረፍት አገር ቤት የሚሄድ ሰው አንድ ኪሎ ቡላ ይዞልን ይምጣ፣ ሒሳቡን ኢንሻአላህ እንከፍላለን።