ጡንቻና የኃይል ሒሳብ

ክብደት የሚያነሱ ተማሪዎቻችን «ብዙ ብላ፣ ጡንቻ ይሆንሃል» የሚለውን ምክር ሲከተሉ እናያለን። ምክሩ የኃይል ጥበቃን ሕግ ይዘነጋል፤ ሰውነት ከሚያወጣው በላይ የገባ ኃይል በአብዛኛው ስብ ሆኖ ይከማቻል። 1 ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይይዛልና፣ በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ የሚተርፈው ሰው፣ ትርፉ ሁሉ ስብ ቢሆን፣ በሁለት ሳምንት ይህንኑ ያህል ይጨምራል።

ጡንቻን የሚያስገነባው ክብደት ማንሳቱ ነው፤ ምግብ ጥሬ ዕቃውን ያቀርባል። ለዚህም በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ለብዙዎች በቂ ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ተማሪ 96 ግራም መሆኑ ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር (በጾምም ቢሆን) የዚህን ሩብ ይሸፍናል። ስለዚህ የኪስ ገንዘባቸውን ለፕሮቲን ዱቄት የሚያውሉት አስቀድመው ምስሩንና ሽሮውን ቢመዝኑ እንመርጣለን። ሳምንታዊው ጭማሪ ከሩብ ኪሎ ካለፈም የሚቀነሰው ከእንጀራውና ከዘይቱ ነው።