ግንቡና ሚዛኑ — ዱብሮቭኒክን ለሚጎበኝ

ውድ አንባቢ፥ ዛሬ በዚህ ዓምድ ከአድሪያቲክ ባሕር ዳር ወደ ተቀመጠች፥ በግንብ ወደ ታጠረች አንዲት ከተማ እንወስድዎታለን። ዱብሮቭኒክ ትባላለች፤ የቀድሞ ስሟ ራጉዛ ነው፤ ዛሬ የምትገኘው በክሮኤሺያ ግዛት ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የሚነበቡት ዓመታት፥ ለይተን ካላመለከትን በስተቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለ ዱብሮቭኒክ የሚያወራ ሁሉ ከግንቧ ይጀምራል፤ አይፈረድበትም። ዙሪያው 1,940 ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ባንዳንድ ስፍራ 25 ሜትር ይደርሳል፤ በየብስ በኩል ያለው ውፍረት እስከ 6 ሜትር ይሆናል። ነገር ግን ግንብ የሠሩ ከተሞች በዓለም ላይ ብዙ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከነግንባቸው በጠላት እጅ ወድቀዋል። ይህች ትንሽ ከተማ ግን በ1358 ከቬኒስ የበላይነት ከወጣች ጀምሮ እስከ 1808 ድረስ፥ አንድ ጊዜ ለሀንጋሪ ንጉሥ፥ ሌላ ጊዜ ለቱርክ ሱልጣን ብትገብርም፥ 450 ዓመት ሙሉ በራሷ ሸንጎና በራሷ ሕግ ስትተዳደር ኖረች። ታዲያ በኃያላን መካከል ሆና ምን ጠበቃት? ጎብኚው ይህን አንድ ጥያቄ ይዞ በበሩ ቢገባ፥ ፎቶግራፍ ብቻ ይዞ ከሚመለሰው ይልቅ ብዙ ያተርፋል።

በምዕራብ በኩል ባለው በፒሌ በር ይግቡ። ገና እንደ ገቡ 16 ማዕዘን ያለው ትልቅ የውኃ መቅጃ ያገኛሉ። ሸንጎው ኦኖፍሪዮ የሚባል ኢጣልያዊ መሐንዲስ ቀጥሮ በ1438 ገደማ ከ12 ኪሎ ሜትር ርቀት ንጹሕ ውኃ አስመጣ፤ ዛሬም መንገደኛው ጠርሙሱን ከዚያው ሞልቶ ያልፋል። ከዚያው አጠገብ በ1317 የተከፈተ መድኃኒት ቤት ያለበት የፍራንሲስካውያን ገዳም ይገኛል። በአውሮፓ ካሉት እጅግ ጥንታዊ መድኃኒት ቤቶች አንዱ ነው። ከተማዋ በ1432 ደግሞ ተጥለው ለሚገኙ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁማ ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው ግንቡ ራሱ ገና በሚሠራበትና በሚጠናከርበት ዘመን መሆኑን ልብ ይሏል።

ከበሩ ተነሥቶ ከተማውን ለሁለት የሚከፍለው ሰፊ መንገድ ስትራዱን ይባላል። የነጠፈበት ድንጋይ በሰው እግር ብዛት ተልጎ እንደ መስተዋት ያበራል። ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች ግን ሁሉም አንድ ዓይነት መስለው ይታያሉ፤ ምክንያቱም ሚያዝያ 6 ቀን 1667 ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፍርሶ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፥ መንግሥቱ ቤቶቹ በአንድ ዕቅድ እንዲሠሩ ስላዘዘ ነው።

በመንገዱ መጨረሻ ሁለት ሕንፃዎች አሉ፤ ጊዜ ያጠረው ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ እነዚህን ቢያይ አይቆጭም። አንደኛው ስፖንዛ ነው፤ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ተሠርቶ ከመንቀጥቀጡ የተረፈ፥ የጉምሩክ ቤት የነበረ ሕንፃ ነው። ሚዛን ይሰቀልበት ከነበረው ቅስት በላይ በላቲን ቋንቋ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ፤ ሐሳቡ በአማርኛ፥ «ሚዛናችን ማታለልንም መታለልንም ይከለክላል፤ እኔ ሸቀጥ ስመዝን እግዚአብሔር እኔን ይመዝነኛል» እንደ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቃል በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቢጻፍ ማንም አይደነቅም፤ እዚህ ግን የተጻፈው ነጋዴና ጸሐፊ ለገንዘብ በሚፋጠጡበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው የሬክተሩ ቤተ መንግሥት ነው። ሬክተር የሚባለው የሪፑብሊኩ ርእሰ መንግሥት የሚሾመው ለአንድ ወር ብቻ ነበር። በዚያ ወር ውስጥ ለመንግሥት ሥራ ካልሆነ በቀር ከቤተ መንግሥቱ አይወጣም፤ ወሩ ሲያልቅም ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዳግመኛ አይመረጥም። ማታ ማታ የከተማዋ በሮች ቁልፍ ከእርሱ ዘንድ ያድራል፤ ሥልጣኑ ግን እንደ ቁልፉ ነበር፤ ይዞት ያድራል እንጂ የራሱ አያደርገውም። ወደ ታላቁ ሸንጎ አዳራሽ በሚያስገባው በር ላይ ሹሞቹ የግል ጉዳያቸውን ረስተው የሕዝቡን እንዲያስቡ የሚያዝ ቃል ተቀርጿል። እርግጥ ነው፥ በዚያ በር የሚገቡት መኳንንቱ ብቻ ነበሩ፤ ተራው ሕዝብ ድምፅ አልነበረውም። ይሁንና ይኸው የመኳንንት ሸንጎ በ1416 ዜጎቹ በሰው ንግድ እንዳይሠማሩ ሕግ ማውጣቱ አይረሳም።

እንግዲህ ይህን ካዩ በኋላ ወደ ግንቡ ይውጡ። ዙሪያውን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ ማለዳ መጀመር ይሻላል፤ ደረጃው ብዙ ነውና ጥሩ ጫማ ያድርጉ። ከላይ ሆነው ወደ ምዕራብ ቢመለከቱ፥ ከግንቡ ውጭ በአለት ላይ የቆመውን የሎቭሪየናጽን ምሽግ ያያሉ። የዚህ ምሽግ ግድግዳ ወደ ጠላት በኩል እስከ 12 ሜትር ሲወፍር ወደ ከተማዋ የዞረው ወገን ግን ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው። አዛዡ አንድ ቀን ልቡ ቢሸፍት፥ ከተማዋ በቀላሉ ደብድባ እንድታስለቅቀው ታስቦ ነው። በምሽጉ በር ላይ ነፃነት ለዓለም ወርቅ ሁሉ እንኳ እንደማይሸጥ የሚናገር ጽሑፍ አለ። ይሁን እንጂ ከ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ይህችው ከተማ በየዓመቱ 12,500 ዱካት ለቱርክ ሱልጣን ትገብር ነበር። የማይሸጠውን ነገር በየዓመቱ ትገዛው ነበር ማለት ነው። ይህ ውርደት ነው ወይስ ብልኀት? ፍርዱን ለአንባቢ እንተወዋለን፤ ነገር ግን በግብሩ ምትክ መርከቦቿና ነጋዴዎቿ በሰፊው የቱርክ ግዛት እንደ ልብ ይነግዱ እንደነበረ አብሮ መመዘን አለበት።

ግንቡስ በመጨረሻ ምን አደረገ? በ1806 የናፖሊዮን ጭፍሮች ወደ ከተማዋ የገቡት ግንቡን ሰብረው አይደለም፤ በሩ ተከፍቶላቸው ነው። በጥር 1808 ሪፑብሊኩን የሻረው የአንድ የጦር አለቃ ትእዛዝ ነበር።

ከግንቡ ላይ ወደ ታች ሲያዩ አንዳንዱ የጣሪያ ሸክላ የወየበ፥ አብዛኛው ግን ደማቅ ቀይ ነው። ልዩነቱ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ ከተማዋ ከጥቅምት 1991 ጀምሮ ተከብባ ተደበደበች፤ ከሁሉ የከፋው ቀን ታኅሣሥ 6 ቀን 1991 ነበር። ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ መግባቷ አላስጣላትም። አዲሱ ሸክላ የተጠገነው ቁስል ነው።

ከተማዋን ለማየት አንድ ቀን ተኩል ቢበቃም፥ ሦስት አራት ቀን የሚቆይ ሰው በዙሪያዋ ብዙ የሚያየው አለ። ሎክሩም የምትባለው ደሴት ከአሮጌው ወደብ በጀልባ ሩብ ሰዓት እንኳ አትርቅም፤ የቤኔዲክታውያን ገዳም ፍርስራሽና ጣዎሶች አሉባት፤ ማደር ግን ክልክል ነው። በደቡብ ያለችው ፃቭታት የጥንቷ ኤፒዳውሩም ናት፤ በ7ኛው ምዕተ ዓመት ከዚያ የሸሹ ሰዎች ራጉዛን እንደ መሠረቱ ይነገራል። በ1377 የራጉዛ ሸንጎ ወረርሽኝ ካለበት አገር የሚመጣ ሰው ሁሉ ወደ ከተማዋ ከመግባቱ በፊት አንድ ወር ተለይቶ እንዲቆይ ሲያዝ፥ ለማቆያ ከተመረጡት ስፍራዎች አንዷ ይህችው ፃቭታት ነበረች። ዛሬ ዓለም ሁሉ ኳራንቲን የሚለውን ሥርዓት በሕግ ከደነገጉት የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ናቸው።

በሰሜን ምዕራብ ስቶን አለች። ይህች መንደር የሚባል ቦታ አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚያህል ግንብ በተራራ ላይ ተዘርግቶላታል። ምን ሊጠብቅ? ጨው ሊጠብቅ ነው። የጨው ማምረቻው የሪፑብሊኩ ትልቅ የገቢ ምንጭ ነበር፤ አሁንም ጨው ይወጣበታል። አሞሌ እንደ ገንዘብ ሲሠራበት ከኖረበት አገር የመጣ ሰው ይህን ለማስተዋል አስረጂ አያሻውም።

ወደ ሞስታር የሚሄድ ሰው ቦስኒያ ገብቶ በ1566 የተሠራውን፥ በኅዳር 1993 በጦርነት ፈርሶ በ2004 እንደገና የቆመውን ድልድይ ያያል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን፤ ክሮኤሺያ ከ2023 ጀምሮ በዩሮ የምትገበያይና የሸንገን አገር ስለ ሆነች፥ ቪዛዎ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ከቦስኒያ መመለስ አይችሉም። ቦስኒያም የራሷ የመግቢያ ደንብ አላት፤ አስቀድመው ይጠይቁ። በዱብሮቭኒክና በቀረው የክሮኤሺያ ምድር መካከል ቦስኒያ ወደ ባሕር የምትወጣበት ቀጭን መሬት መግባቱ ራሱ የራጉዛ ሥራ ነው፤ በ1699 ከቬኒስ ጋር ላለመዋሰን ስትል ኔኡም የተባለውን ዳርቻ ለቱርክ ለቀቀች። ጎረቤትን በጎረቤት መከለል ይህ ነው። ያ ድንበር እስከ ዛሬ ስላለ፥ ክሮኤሺያ በ2022 ትልቅ የባሕር ድልድይ ከፍታ ልታልፈው ግድ ሆነባት።

ለመጨረሻው ቀን ኮርቹላ የምትባለውን ደሴት ያቆዩ። እርሷም በግንብ የታጠረች ናት፤ ጠባብ መንገዶቿ እንደ ዓሣ አጥንት ግራና ቀኝ የተዘረጉ ናቸው። ከኮርቹላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በሉምባርዳ መንደር በ1897 ፍራኖ ክርሺኒች የሚባል ቀራጺ ተወለደ። ይህ ሰው ለእኛ ባዕድ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በፋሺስቶች እጅ ላለቁት ሰማዕታት በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የቆመውን ሐውልት ከባልንጀራው ከአንቱን አውጉስቲንቺች ጋር የሠራው እርሱ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፥ ደመወዝዎ ለአውሮፕላን ትኬት እስኪበቃ ድረስ ጉብኝቱን ከዚህ መጀመር ይችላሉ። ስድስት ኪሎ ሲያልፉ ቆም ብለው የሐውልቱን ቅርጾች አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ ቪዛ የሚጠይቅ የለም። ማግስቱን ወደ ቢሮዎ ሲገቡም ያንን የጉምሩክ ቤት ሚዛን ያስታውሱ። ራጉዛን የጠበቋት ብዙዎቹ ሰዎች ሰይፍ አልታጠቁም ነበር፤ ውኃውን ያስመጡ፥ ግብሩን በጊዜው ያደረሱ፥ ሸቀጡን በትክክል የመዘኑ ጸሐፊዎች ነበሩ።