ጉሮሮውን ማን አየው?

አባት ሐሙሲት ገበያ ወጥቶ ሲመለስ ጉሮሮውን ለሚያመው ልጁ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ይገባል። ልጁ ግን የዋለው እቤት ነው። ታዲያ መድኃኒቱ ሲሸጥ ጉሮሮውን ማን አየው? ያስለዋል ወይስ አያስለውም ብሎ የጠየቀ አለ? ዕድሜውንስ?

መልሱ ሕክምናውን ይለውጠዋል። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም የቫይረስ ነው፤ ሳልና ንፍጥ አብሮት ይመጣል፣ ድምፅ ይዘጋል፣ በሳምንት ገደማ ራሱ ይለቃል። ለዚህ አሞክሳሲሊን ምን ይፈይዳል? ምንም። ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥ፣ ትኩስ ነገር መጠጣት፣ ሲበረታም ፓራሲታሞል ይበቃል።

ጉሮሯቸውን ከሚያማቸው 10 ልጆች የሁለት ሦስቱ ግን የስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ሥራ ነው። ድንገት ይጀምራል፤ ያተኩሳል፤ ሳል የለውም፤ ቶንሲሉ አብጦ ነጭ መግል ይይዛል፤ ከመንጋጋ ሥር ያለው ዕጢ ሲነኩት ያማል። ሳይታከም ካለፈ፣ ጉሮሮው ድኖ ቤተሰቡም ረስቶት፣ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዳንዱን ልጅ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን ያሳብጠዋል፤ የልብ ቫልቩንም ይጎዳዋል፤ ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። (ምራቁን መዋጥ ያቃተው፣ አፉን መክፈት የተሳነው ወይም ሲተነፍስ የሚያፍነው ልጅ ደግሞ የሚያድር ጉዳይ አይደለም፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ይሂድ።)

የምርመራ መሣሪያ የለንም ይባላል። አፍ አስከፍቶ በባትሪ ለማየት የትኛው መሣሪያ ጎደለ? ምልክቶቹ ሁልጊዜ እርግጡን ባይናገሩም፣ ሳያዩ ከመሸጥ አይሻሉም? መድኃኒቱ ከተሸጠ በኋላም፣ ልጁ በሦስተኛው ቀን ሲሻለው የተረፈው ፍሬ ለታናሹ ይቀመጣል። ለባክቴሪያው ሕመም የሚታዘዘው የ10 ቀን መድኃኒት መሆኑን ለአባትየው የነገረው ማን ነው? ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጡስ የተከለከለ አይደለም?

አባትየውን ለመውቀስ አፌ አይከፈትም። ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ በሚታጨድበት ሰሞን ጤና ጣቢያ ተሰልፎ መዋል ምን እንደሚያሳጣው እሱ ያውቃል። እንጥሉ ወርዷል ብላ ልጇን ለቆራጭ የምትሰጥ እናትም የምትወደውን ልጅ ለማዳን ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የሕፃን እንጥል መቁረጥን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ቆጥሮ ይቀጣል። ነገር ግን ቅጣት ብቻውን እናቲቱን ወዴት ይመራታል? ምላጩ ደም ማፍሰስና መንጋጋ ቆልፍ ማምጣት እንጂ ባክቴሪያውን እንደማይነካ ቁጭ ብሎ ያስረዳት አለ?

ዋናው ጥያቄዬ ለጤና መርሐ ግብራችን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጤና ኬላ የታመሙ ልጆችን እንድታክም የሠለጠነችው በዋናነት ከ5 ዓመት በታች ላሉት ነው፤ ለሳንባ ምች፣ ለተቅማጥ፣ ለወባ። ይህ ብዙ ሕይወት ያተረፈ ሥራ ነው። የሩማቲክ ትኩሳት ግን ይበልጡን የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው። የእኛ ጥበቃ በሚያበቃበት ዕድሜ አደጋው ይጀምራል። የ7 ዓመቱ ልጅ ታዲያ የማን ነው? የመምህሩ? የመድኃኒት ሻጩ?

ጊዜ የለም እንዳይባል፣ ፔኒሲሊን ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተሰጠ የሩማቲክ ትኩሳትን ይከላከላል። በ9 ቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ የሐሙስ ገበያ አለ። ገበያተኛው ልጁን ይዞ እንዲመጣ አስቀድሞ መንገር፣ በዕለቱም የሚያይ ባለሙያ መመደብ ያቅታል? አንዴ ተወግቶ የሚያበቃ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ አለ። ባለሙያው የአለርጂ ድንጋጤን ከፈራ፣ የሚያሻው አድሬናሊንና ሥልጠና ነው ወይስ መርፌውን መተው?

ልቡ የተጎዳ ልጅ ያንኑ መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት ይወጋል። ቫልቩ ከተበላሸ መንገዱ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ወዳለው የልብ ማዕከል ነው፤ እዚያም ረጅም ወረፋ አለ። የክልሉ ጤና ቢሮ ለእያንዳንዱ ጤና ኬላ ባትሪ፣ የአንድ ገጽ መመሪያና ወደ ጤና ጣቢያ የመላክ ሥልጣን ለመስጠት ምን እየጠበቀ ነው?