ሊማሊሞ ስጦታ አይደለም!

ከደባርቅ ሊማሊሞን ቁልቁል ወደ ድብ ባሕር ስንወርድ አውቶቡስ ውስጥ የማይቀር ወሬ አለ፤ «ጣሊያን ባይመጣ ይህን መንገድ ማን ይሠራልን ነበር?» ይህን በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ወገኖቼ፣ ጣሊያን መንገዱን የቆረጠው በአሥመራና በጎንደር መካከል ጦሩን ሊያመላልስበት ነው!

ለመሆኑ ያ ጦር ምን አመጣው? «የወልወል ግጭት» ተብለን ተምረናል። በ1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ የተተኮሰው ጥይት ግን ሰበብ እንጂ ምክንያት አልነበረም። ሙሶሊኒ ቅኝ ግዛት አምሮት ነበር። እንግሊዝና ፈረንሳይ ደግሞ ሂትለርን ስለፈሩ እሱን ማስቀየም አልፈለጉም። የመንግሥታቱ ማኅበር በኅዳር 1928 ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅ ተዘለለ። የስዌዝ ቦይም ለወራሪው መርከቦች ክፍት ሆኖ ቀረ። ለእነሱ ሰላም መያዣ የተሰጠችው የእኛ አገር ናት።

ምን አተረፉ? ሙሶሊኒ በሰኔ 1932 ከሂትለር ጎን ተሰልፎ ጦርነት አወጀባቸው። እንግሊዝም በቸልታ ያሳለፈችውን ጦር ልትወጋ እዚሁ ድረስ መጣች። ደባርቅ አፋፍ ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ነው፤ እዚያም አርበኞቻችን ነበሩበት።

ታላላቅ ጦርነቶች እንዲህ ነው የሚወለዱት፤ ኃያላን ሲፎካከሩ የትንሹን መወረር እንደ ርካሽ ዋጋ ይቆጥሩታል፣ ሂሳቡ ግን ዞሮ እነሱንም ያገኛቸዋል።

ዛሬም «ከአሜሪካ እንጠጋ፣ ከቻይና፣ ከሩሲያ?» እያላችሁ የምትከራከሩ ሁሉ፣ ተነጋገሩ፣ ተገበያዩ፣ ማን ከለከላችሁ! ግን ጠባቂ አገኘን ብላችሁ አትተኙ። እኛ አንድ ጊዜ ተኝተንበታል፤ ሲነጋ ሊማሊሞ ላይ የጠላት ካሚዮን ነበር።